ክሪስቲያን ሃይገንስና የግጭት ሕጎች፦ የፍጥነት ካሬ ወደ ሜካኒክስ የገባበት መንገድ

መግቢያ

ሁለት አካላት ተጋጭተው ሲለያዩ የየራሳቸው ፍጥነት ምን ያህል እንደሚሆን ማስላት የመግቢያ ፊዚክስ ትምህርት ከሚያነሣቸው ቀዳሚ ጥያቄዎች አንዱ ነው። ጥያቄው ሁለት የማይታወቁ ቁጥሮች አሉት፤ የሞመንተም ያለመጥፋት ሕግ ግን የሚሰጠው አንድ እኩልታ ብቻ ነው። ዛሬ ሁለተኛው እኩልታ ከኢነርጂ ያለመጥፋት ሕግ ይወሰዳል። ግጭቱ ኢላስቲክ ከሆነ፣ ማለትም አካላቱ ቅርጻቸው ሳይበላሽ ሙሉ በሙሉ ከነጠሩ፣ የካይኔቲክ ኢነርጂያቸው ድምር ከግጭቱ በፊትና በኋላ እኩል ይሆናል። ይህ ሁለተኛ እኩልታ ግን የተገኘው ኢነርጂ የሚለው ጽንሰ ሐሳብ በፊዚክስ ውስጥ ቦታ ከመያዙ ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ ነው። ያገኘውም ሆላንዳዊው የሒሳብና የተፈጥሮ ሊቅ ክሪስቲያን ሃይገንስ ነበር።

ይህ ጽሑፍ የሃይገንስን ሕይወት በዚህ ግኝት ዙሪያ ይተርካል። ሃይገንስ ወደ ፍጥነት ካሬ የደረሰው ስለ አካላቱ ጠባይ አንድ ቅድመ ሁኔታ በግልጽ ካስቀመጠ በኋላ ነው። እኩልታው ከዚህ ቅድመ ሁኔታ ተነጥሎ ሥራ ላይ ሲውል ወደ ተሳሳተ መልስ ይመራል። የግኝቱ ታሪክ ለዛሬው ተማሪና መምህር የሚጠቅመውም በዚህ ምክንያት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ቤተሰብና ትምህርት

ሃይገንስ ኤፕሪል 14 ቀን 1629 በኔዘርላንድስ ዘሄግ ከተማ ተወለደ። አባቱ ኮንስታንታይን ሃይገንስ የኦራንዥ መሳፍንት ጸሐፊ፣ ዲፕሎማት፣ ባለቅኔና የሙዚቃ ደራሲ ነበር። እናቱ ሱዛና ፋን ባርለ በ1637 ስትሞት ልጁ ገና የስምንት ዓመት ሕፃን ነበር። ቤታቸው የአገሩና የውጭ አገር ሊቃውንት የሚገናኙበት ሲሆን፣ በዚያን ዘመን ኔዘርላንድስ ውስጥ ይኖር የነበረው ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሬኔ ዴካርትም ከአባቱ ወዳጆች አንዱ ነበር። ክሪስቲያን እስከ 16 ዓመቱ የተማረው በቤቱ ነው። ቋንቋ፣ ሙዚቃና ሒሳብ እየተማረ ያደገ ሲሆን፣ የመሣሪያዎችን አሠራር በእጁ መሞከርም ይወድ ነበር።

በ1645 ወደ ላይደን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሕግና ሒሳብ ተማረ። የሒሳብ መምህሩ ፍራንስ ፋን ስኮተን የዴካርትን ጂኦሜትሪ ካስፋፉት ሊቃውንት ቀዳሚው ነበር። ሃይገንስ ከ1647 እስከ 1649 በብሬዳ ትምህርቱን ቀጠለ። አባቱ ልጆቹ የእርሱን የዲፕሎማትነት ሙያ እንዲወርሱ ያዘጋጃቸው ነበር። ይሁን እንጂ በ1650 የኦራንዡ ልዑል ዊለም ዳግማዊ ሲሞት ቤተሰቡ በመንግሥት ዘንድ የነበረው ተሰሚነት ቀነሰ። ወጣቱ ሃይገንስም ሹመት ፍለጋ ከመሄድ ይልቅ በአባቱ ቤት ተቀምጦ ጊዜውን ሁሉ ለምርምር ሰጠ። የግጭትን ጥያቄ የያዘው በእነዚህ ዓመታት ነው።

የዴካርት ደንቦችና የውስጥ ተቃርኗቸው

ዴካርት በ1644 ባሳተመው የፍልስፍና መርሖች መጽሐፉ ስለ ግጭት ሰባት ደንቦችን አስቀምጦ ነበር። የደንቦቹ መሠረት በዓለም ውስጥ ያለው የእንቅስቃሴ መጠን አይጨምርም፣ አይቀንስም የሚለው እምነት ነው። ዴካርት የእንቅስቃሴን መጠን የለካው የአካሉን ትልቅነት በፍጥነቱ በማባዛት ሲሆን፣ አቅጣጫን ግን በስሌቱ ውስጥ አላስገባም። በመሆኑም ወደ ግራ የሚሄድና ወደ ቀኝ የሚሄድ እንቅስቃሴ በእርሱ ስሌት አንዱ በሌላው ላይ ይደመራል እንጂ አይቀናነስም።

ከሰባቱ ደንቦች አራተኛውና አምስተኛው ጎን ለጎን ሲታዩ ችግሩ ይገለጣል። በአራተኛው ደንብ መሠረት ትንሽ አካል ቆሞ የሚገኝን ትልቅ አካል ሲመታ፣ ፍጥነቱ ምንም ያህል ቢሆን ትልቁን ሳያንቀሳቅስ ነጥሮ ይመለሳል። በአምስተኛው ደንብ መሠረት ደግሞ ትልቅ አካል ቆሞ የሚገኝን ትንሽ አካል ሲመታ ሁለቱ ተያይዘው በአንድ ፍጥነት ይሄዳሉ። ነገር ግን ሁለቱ ሁኔታዎች ከተለያየ ቦታ የታየ አንድ ክስተት ናቸው። ከትልቁ አካል ጋር ላለ ተመልካች የሚመጣው ትንሹ ነው፤ ከትንሹ ጋር እኩል ለሚጓዝ ተመልካች ግን የሚመጣው ትልቁ ነው። አንድ ክስተት በአንዱ ዓይን መለያየት፣ በሌላው ዓይን መጣበቅ ሊሆን አይችልም።

ሃይገንስ በ1652፣ በ23 ዓመቱ፣ ከመጀመሪያው በቀር የዴካርት ደንቦች ትክክል መሆናቸውን መጠራጠር ጀመረ። የመጀመሪያው ደንብ እኩል የሆኑ ሁለት አካላት በእኩል ፍጥነት ፊት ለፊት ሲጋጩ እያንዳንዱ በነበረው ፍጥነት ወደ ኋላ ይመለሳል የሚል ነው። ለወጣቱ ይህ ጥርጣሬ ቀላል ነገር አልነበረም። ዴካርት በልጅነቱ ሲከበር ያየው የአባቱ ወዳጅ፣ የመምህሩም የሒሳብ አርአያ ነበር። ፋን ስኮተን ተማሪው በዚህ መንገድ እንዲገፋ አላበረታታውም። ሃይገንስ ግን ሥራውን አላቋረጠም፤ በ1656 ስለ አካላት ግጭት የሚያትተውን የላቲን ድርሳኑን በዋና ይዘቱ ጨረሰ።

ጀልባውና የቦዩ ዳርቻ

የድርሳኑ ዘዴ ለአንድ የሆላንድ ነዋሪ ከሚያውቀው ነገር የተወሰደ ነው። አንድ ጀልባ በጸጥታ በቦይ ላይ ይጓዛል። በጀልባው ላይ የቆመ ሰው በክር የተንጠለጠሉ ሁለት እኩል ኳሶችን በእኩል ፍጥነት ያጋጫል። በዳርቻው የቆመ ሌላ ሰው ደግሞ እጆቹን ከጀልባው ሰው እጆች ጋር አገናኝቶ ያንኑ ግጭት የራሱ አድርጎ ይመለከታል። ለጀልባው ሰው ኳሶቹ በእኩል ፍጥነት ተጋጭተው በእኩል ፍጥነት ይመለሳሉ። የጀልባው ፍጥነት ከኳሶቹ ፍጥነት ጋር እኩል ከሆነ ግን ለዳርቻው ሰው አንዱ ኳስ ቆሞ ይታያል፤ ሌላው በእጥፍ ፍጥነት ይመጣል። ከግጭቱ በኋላም የመጣው ይቆማል፤ የቆመው በእጥፍ ፍጥነት ይሄዳል። በዚህ መንገድ ሃይገንስ እኩል አካላት ሲጋጩ ፍጥነታቸውን እንደሚለዋወጡ ከአንድ ግልጽ መነሻ አረጋገጠ።

አካላቱ እኩል ያልሆኑ እንደሆነ አዲስ መሠረት ያስፈልግ ነበር። ሃይገንስ እዚህ ላይ ሁለት የጣሊያን ሊቃውንትን ትምህርት አገናኘ። ጋሊሊዮ እንዳሳየው የሚወድቅ አካል የወደቀበት ከፍታ ባገኘው ፍጥነት ካሬ ይመጠናል። ቶሪቼሊ ደግሞ የተያያዙ ከባድ አካላት የጋራ የክብደት ማዕከላቸው ዝቅ ሳይል በራሳቸው መንቀሳቀስ እንደማይጀምሩ አስተምሮ ነበር። ሃይገንስ ይህን አስፍቶ አካላት በክብደታቸው ብቻ ሲንቀሳቀሱ የጋራ የክብደት ማዕከላቸው ከተነሣበት በላይ ከፍ ሊል አይችልም የሚል መርሕ አደረገው።

ሁለት አካላት በትልቅነታቸው ተገላቢጦሽ በሆነ ፍጥነት ፊት ለፊት ይምጡ። ይህን ፍጥነት ያገኙት ከተወሰነ ከፍታ ወድቀው ነው ይባል፤ ከግጭቱም በኋላ ያላቸው ፍጥነት ወደ ላይ እንዲያወጣቸው ይደረግ። እያንዳንዱ በመጣበት ፍጥነት ካልተመለሰ፣ አካላቱን በተመቸ መንገድ በማዘጋጀት የጋራ የክብደት ማዕከላቸው ከመነሻው በላይ እንዲወጣ ማድረግ ይቻላል። ይህ ከመርሑ ጋር ስለሚጋጭ ሊሆን አይችልም። በመሆኑም እያንዳንዱ አካል በራሱ ፍጥነት ይመለሳል። ሌላውን ማንኛውንም የግጭት ዓይነት ሃይገንስ ጀልባውን በተለያየ ፍጥነት በማስኬድ ከዚህ አወጣው።

ከዚህ በኋላ የድርሳኑ አሥራ አንደኛ ድንጋጌ ይመጣል። የእያንዳንዱ አካል ትልቅነት በፍጥነቱ ካሬ ተባዝቶ ሲደመር፣ ድምሩ ከግጭቱ በፊትና በኋላ አንድ ነው። ዛሬ ተማሪዎች እንደ መነሻ የሚወስዱት እኩልታ ለሃይገንስ በሌላ መንገድ የተረጋገጠ ውጤት ነበር።

ዘዴው በቁጥር

የሃይገንስን መንገድ በዛሬው አገላለጽ መከተል ይቻላል። መጠነ ቁሱ 2 ኪሎግራም የሆነ ኳስ በሰከንድ 3 ሜትር እየተጓዘ ቆሞ የሚገኝን የ1 ኪሎግራም ኳስ ይመታል። የክብደት ማዕከሉ ፍጥነት በሰከንድ 2 ሜትር ነው። በዚህ ፍጥነት በምትጓዝ ጀልባ ላይ ላለ ሰው ትልቁ ኳስ በሰከንድ 1 ሜትር ወደ ፊት፣ ትንሹ በሰከንድ 2 ሜትር ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ፍጥነታቸው የመጠነ ቁሳቸው ተገላቢጦሽ ነው ማለት ነው። እያንዳንዱ በራሱ ፍጥነት ሲመለስ ትልቁ በ1 ወደ ኋላ፣ ትንሹ በ2 ወደ ፊት ይሆናል። የጀልባው ፍጥነት ሲደመርበት የዳርቻው ሰው ትልቁን በሰከንድ 1 ሜትር፣ ትንሹን በሰከንድ 4 ሜትር ሲጓዙ ያያል።

በሁለቱ እኩልታዎች መንገድም ውጤቱ ይኸው ነው። ሞመንተሙ በፊት 6 ነው፤ በኋላም 2 ሲደመር 4፣ ማለትም 6 ነው። የካይኔቲክ ኢነርጂው በፊት 9 ጁል ነው፤ በኋላም 1 ሲደመር 8፣ ማለትም 9 ጁል ነው። የኢነርጂው እኩልታ ካሬ ስላለበት ስሌቱ ውስብስብ ይመስላል። ነገር ግን የእያንዳንዱን አካል ቁጥሮች በአንድ ወገን ሰብስቦ የኢነርጂውን እኩልታ በሞመንተሙ እኩልታ ማካፈል ካሬውን ያስወግደዋል። የሚቀረው አካላቱ የሚቀራረቡበት ፍጥነት ከሚራራቁበት ፍጥነት ጋር እኩል ነው የሚል ቀላል ዝምድና ነው። በምሳሌው ሁለቱም በሰከንድ 3 ሜትር ናቸው። ይህም ዝምድና በሃይገንስ ድርሳን ውስጥ ራሱን ችሎ ተረጋግጦ ይገኛል።

የዘገየው ኅትመት

ሃይገንስ ድርሳኑን ጨርሶ አላሳተመውም። ማስረጃው እስኪጠራ ድረስ ሥራውን በእጁ ማቆየት ልማዱ ነበር፤ በዚያ ላይ ሌሎች ሥራዎች ጊዜውን ወሰዱት። በ1655 ራሱ ባዘጋጀው ቴሌስኮፕ ታይታን የተባለችውን የሳተርን ጨረቃ አገኘ። በ1656 የፔንዱለም ሰዓትን ፈለሰፈ። በ1659 ሳተርን በየትም በኩል በማይነካው ቀለበት የተከበበ መሆኑን አሳተመ።

በ1661 ለንደንን በጎበኘ ጊዜ የዚያ ከተማ ሊቃውንት ስለ ግጭት ያቀረቡለትን ጥያቄዎች ፈታላቸው፤ ያስገኘለትን ደንብ ግን ሙሉ በሙሉ አልገለጠም። በ1663 የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ አባል ሆነ። ማኅበሩ በ1668 የእንቅስቃሴን ሕጎች ለመመርመር ወስኖ ጆን ዋሊስ፣ ክሪስቶፈር ሬንና ሃይገንስ ውጤታቸውን እንዲልኩ ጠየቀ። ሦስቱም ላኩ። ዋሊስ ያተኮረው ሳይነጥሩ ተያይዘው በሚሄዱ አካላት ላይ ሲሆን፣ ሬንና ሃይገንስ ስለሚነጥሩ አካላት የደረሱበት ደንብ ተመሳሳይ ነበር። ነገር ግን በ1669 መጀመሪያ በማኅበሩ መጽሔት የታተሙት የሁለቱ እንግሊዛውያን ጽሑፎች ብቻ ነበሩ። ሃይገንስ ቅር ተሰኝቶ ደንቦቹን ያለ ማስረጃቸው በፓሪስ መጽሔት አወጣ፤ የለንደኑም መጽሔት ቆይቶ ከማብራሪያ ጋር አተመለት። የፍጥነት ካሬው ድምር እንደማይለወጥ ለሕዝብ የተገለጠው በዚህ አጭር ጽሑፍ ነው። በዚያው ጽሑፍ የዴካርት የእንቅስቃሴ መጠን በግጭት ሊጨምርም ሊቀንስም እንደሚችል፣ አቅጣጫ ሲታሰብ ግን እንደማይለወጥ ሃይገንስ አስታውቋል።

የፓሪስ ዓመታት

ከ1666 ጀምሮ ሃይገንስ በንጉሥ ሉዊ 14ኛ ሚኒስትር በኮልቤር አማካይነት የተቋቋመው የሳይንስ አካዳሚ መሪ አባል ሆኖ በፓሪስ ይኖር ነበር። በ1670 ጽኑ ሕመም ያዘው። ሞት እንደቀረበ ባሰበ ጊዜ ያልታተሙ የሜካኒክስ ጽሑፎቹ ወደ ሮያል ሶሳይቲ እንዲላኩ አደራ ሰጠ። ከአንድ ዓመት በፊት ቅር ያሰኘውን ማኅበር ለአደራው መምረጡ ከግል ክብሩ ይልቅ የሥራው መትረፍ እንዳሳሰበው ያሳያል።

ከሕመሙ አገግሞ በ1673 ስለ ፔንዱለም ሰዓት የጻፈውን ታላቅ መጽሐፍ አሳተመ። በዚህ መጽሐፍ ብዙ ክብደቶች ያሉትን ፔንዱለም የውዝዋዜ ጊዜ ያሰላው በግጭት ድርሳኑ በተጠቀመበት መርሕ ነው፤ የክብደት ማዕከል በራሱ ከመነሻው በላይ አይወጣም። በግጭት የተጀመረው ሐሳብ እንዲህ ወደ ሌላ የሜካኒክስ ክፍል ተሻገረ። በ1672 ወደ ፓሪስ የመጣው ወጣቱ ጎትፍሪድ ላይብኒትዝም በሒሳብ ጥናቱ ከሃይገንስ ምክርና ትምህርት አገኘ።

የመጨረሻ ዘመን

ሕመሙ እየተመላለሰ ስላስቸገረው በ1681 ወደ ዘሄግ ተመለሰ። ኮልቤር በ1683 ሞተ፤ በ1685 ደግሞ ለፈረንሳይ ፕሮቴስታንቶች መብት የሰጠው የናንት አዋጅ ተሻረ። ፕሮቴስታንቱ ሃይገንስም ወደ ፓሪስ አልተመለሰም። በ1689 እንግሊዝን ዳግመኛ ጎብኝቶ ከአይዛክ ኒውተን ጋር ተገናኘ። ኒውተን ከሁለት ዓመት በፊት ባሳተመው ታላቅ መጽሐፉ የግጭትን ሕጎች ካገኙት ሊቃውንት መካከል ሬንን፣ ዋሊስንና ሃይገንስን ጠቅሶ ነበር። ሃይገንስ በ1690 ስለ ብርሃን የጻፈውን ድርሳን አሳተመ። ትዳር ሳይመሠርት ጁላይ 8 ቀን 1695 በተወለደበት ከተማ ሞተ፤ ጽሑፎቹንም ለላይደን ዩኒቨርሲቲ ተናዘዘ። የግጭት ድርሳኑ ከነማስረጃው ታትሞ የወጣው በ1703 ሲሆን፣ ከተጻፈ ወደ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሆነው ምንም አልቀረውም ነበር።

የእኩልታው ኃይልና ወሰን

የመጠነ ቁስና የፍጥነት ካሬ ብዜት ለሃይገንስ በዋናነት በስሌት የተረጋገጠ ቋሚ ቁጥር ነበር። ላይብኒትዝ ግን ሕያው ኃይል ብሎ ሰይሞ የተፈጥሮ ዋና መለኪያ አደረገው። በ18ኛው ምዕተ ዓመት ቪለም ስግራቬሳንደ የናስ ኳሶችን በሸክላ ጭቃ ላይ ጥሎ የመጥለቃቸው መጠን ከፍጥነታቸው ካሬ ጋር እንደሚሄድ ሲያሳይ፣ ኤሚሊ ዱ ሻትሌ በ1740 ባሳተመችው መጽሐፍ ይህን ሐሳብ ደገፈች። ዛሬ የሚታወቀውን ግማሽ የሚል አባዢ ጋስፓር ኮርዮሊስ በ1829 አስገባ። ሔርማን ሔልምሆልትዝ በ1847 ያሳተመው ድርሳን ደግሞ ሙቀትን ጨምሮ ለሁሉም የተፈጥሮ ክስተት የሚሠራ የኢነርጂ ሕግ አቀረበ።

ይህ ሰፊ ሕግ የሃይገንስን ቅድመ ሁኔታ አልሻረውም። ከላይ በተሰጠው ምሳሌ ሁለቱ ኳሶች ከጭቃ የተሠሩ ሆነው ቢጣበቁ የጋራ ፍጥነታቸው በሰከንድ 2 ሜትር ይሆናል። ሞመንተሙ 6 እንደሆነ ይቆያል፤ ካይኔቲክ ኢነርጂው ግን ከ9 ጁል ወደ 6 ጁል ይወርዳል። የጎደለው 3 ጁል ጭቃውን ለማበላሸትና ለማሞቅ ውሏል። ኢነርጂ አልጠፋም፤ ካይኔቲክ ኢነርጂ ግን ቀንሷል። እነዚህን ሁለት አባባሎች አለመለየት በግጭት ጥያቄዎች ላይ ለሚፈጠር ስሕተት ምንጭ ነው።

ቤንጃሚን ሮቢንስ በ1742 የገለጸው የጥይትን ፍጥነት የሚለካ ፔንዱለም ልዩነቱን በአንድ ጥያቄ ውስጥ ያሳያል። ጥይቱ በእንጨቱ ውስጥ ሲቀበር የሚሠራው የሞመንተም ሕግ ብቻ ነው። እንጨቱ ከነጥይቱ ተወዝውዞ ከፍ ሲል ግን ፍጥነቱ ከከፍታው በኢነርጂ ሕግ ይሰላል። ሁለቱን ደረጃዎች በአንድ የኢነርጂ እኩልታ ጠቅልሎ የሚሠራ ሰው የጥይቱን ፍጥነት እጅግ አሳንሶ ያገኘዋል።

ማጠቃለያ

የሃይገንስ ሥራ በቅደም ተከተሉ የሚያስተምረው አለ። በመጀመሪያ አካላቱ ምን ዓይነት እንደሆኑ፣ እንደሚነጥሩ ወይም እንደሚጣበቁ ወሰነ። ቀጥሎ ክስተቱን ቀላል ከሚያደርገው ቦታ ተመለከተ። የካሬው እኩልታ የመጣው ከእነዚህ በኋላ ነው። በመማሪያ ክፍል ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚጻፈው እኩልታው ሲሆን፣ ቅድመ ሁኔታው በጥያቄው ጽሑፍ ውስጥ በአንድ ቃል ብቻ ይጠቀሳል። መምህሩ ከስሌቱ በፊት የግጭቱን ዓይነት፣ የጎደለ ካይኔቲክ ኢነርጂ ካለም የሄደበትን ቦታ እንዲናገሩ ተማሪዎቹን ቢጠይቅ፣ ሃይገንስ በ1650ዎቹ የተጓዘበትን መንገድ በአጭሩ እንዲደግሙት ያደርጋል።